ዝምታም ይነቅዛል

እኛ አገር «ኮሚክ» ማለት ሰው ነው። «እሱ እኮ ኮሚክ ነው!» ስንል ጨዋታ አዋቂ፣ ሠርጉም ማኅበሩም ያለ እሱ የማይደምቅ ቀልደኛ ማለታችን ነው። ፈረንጆቹ ግን ቃሉን ለመጽሐፍም ያውሉታል። ታሪኩ ተራ በተራ በተደረደሩ ሥዕሎች ይነገራል፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ደግሞ ከአፋቸው በሚወጣ አረፋ መሳይ ክብ ውስጥ ይጻፋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይኼ ነገር የልጆች ማባበያ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ጥር ግን ከካናዳ የመጣ መንገደኛ አንድ ጥቅል ይዞልኝ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣና ሐሳቤን አስቀየረኝ።

ጥቅሉን የላከችው የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ቀድማ ወደ ቶሮንቶ ስለ ሄደች እኔው ጋ ነው ያደገችው፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ የማርቆስን ብርድ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን ነው ያሳለፍነው። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ጥቅሉን ስፈታው ሹራብ አለ፤ የግፊት መድኃኒቴ አለ፤ ከሥር ደግሞ በነጠላ የተጠቀለሉ መጻሕፍት አሉ። ነጠላው ስትሄድ እኔ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረግሁላት ነው። በመሐል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ «እታለም፣ የምወዳቸው መጻሕፍት እነዚህ ናቸው። ሁሉም ሴትን ስለምታፈቅር ሴት የሚያወሩ ናቸው። አንብቢያቸውና ደውይልኝ። ካልደወልሽም ይገባኛል።» (ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷው ናት፤ «ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ» ብላኛለች።)

ቢመታኝ የመታኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። «ካልደወልሽም ይገባኛል» የሚል ሰው ከዚህ በፊት ሳይደወልለት የቀረ ሰው ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ያደረግሁት መደበቅ ነው። ሣጥን ከፍቼ ከበዓል ቀሚሴ ሥር ከተትኳቸው። ማንን እንደ ፈራሁ እንጃ! ለቡና የሚመጡት ጎረቤቶቼ እንኳን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የመብራት ቢልም ያለ መነጽር አያነቡም። ብቻ ፈራሁ። አገራችን በ1996 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በወንጀል ያስቀጣል። ቤተ ክርስቲያኔ ኀጢአት ነው ትላለች። መንደሬ ደግሞ ለነገሩ ከስድብ በቀር ሌላ ስም የላትም። እኔ ከሕግም ከቤተ ክርስቲያንም ጋር ሙግት የምገጥም ሰው አይደለሁም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ «አንብቢልኝ» ስትለኝ «አላነብም» ልበላት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንብቡ! አንብቡ!» እያልኩ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴትዮ?

ሦስት ሳምንት ሣጥን ውስጥ ቆዩ። በአራተኛው አወጣኋቸው።

መጀመሪያ ያነሳሁት «ብሉም ኢንቱ ዩ» የሚል ስም ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰውን የጃፓን መጽሐፍ ነው። ናካታኒ ኒዮ የምትባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣችው ሲሆን ስምንት ቅጽ አለው። የመጀመሪያውን ቅጽ ከፍቼ ብዙ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ነው ከመጨረሻው መጀመሬ የገባኝ፤ ለካ የጃፓን ሥዕል ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ተመልሼ ጀመርኩ። ዩ የምትባል ተማሪ አለች። ዘፈኑና መጽሐፉ ስለ ፍቅር የሚለውን ሁሉ ታውቀዋለች። አንድ ልጅ «እወድሻለሁ» ሲላት ግን ልቧ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እምቢ ለማለት ስልክ ስትደውል አጠገቧ ያለች ቶኮ የተባለች ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ እጇን ትይዝላታለች። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህች ከእጅ መያዝ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ቀና አልኩ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የእህቴ ልጅ ከአንዲት ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ በረዶ ላይ የቆመችበት ፎቶ አለ። አምስት ዓመት ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ «ጓደኛዋ እንዴት ታምራለች!» ብሎ ያልፋል፤ እኔም እንደዚያው። እኛ ዘንድ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከገበያ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ማን ዞር ብሎ ያያል? ባንድ አልጋ ያድራሉ፣ ባንድ ጋቢ ይሞቃሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ይኼ ሁሉ ለእኛ ጓደኝነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ጓደኝነት ነው። ልጅቱ ግን ያን ፎቶ የላከችልኝ ሌላ ነገር ልትነግረኝ ኖሮ እኔ አምስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግ ኖሬያለሁ።

ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን ታሪክ «ዩሪ» ይሉታል፤ የአበባ ስም ነው፣ ሊሊ የምንለው አበባ። እነሱም ዘንድ ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ አበባ አልነበረም። ያማጊሺ ሪዮኮ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመችውና የዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሚባለው የሥዕል ታሪክ ከሁለቱ ልጃገረዶች ባንደኛዋ ሞት ነው የሚያበቃው። ከእሷ በፊት የነበረችው ዝነኛዋ ልብ ወለድ ጸሐፊ ዮሺያ ኖቡኮ ደግሞ ሞንማ ቺዮ ከምትባል ሴት ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ሕግ ፊት ቀርባ በልጅነት ተቀበለቻት። ባልና ሚስት የሚያደርግ ሕግ ስለ ሌላቸው እናትና ልጅ ሆኑ! ይህን ሳነብ በእኛም አገር «የጡት ልጅ» እየተባለ በማር ጣት የሚጠባበት ወግ ትዝ አለኝ። ሰው ዘመድ ለመሆን ከፈለገ መንገድ አያጣም።

ሁለተኛው መጽሐፍ የአሜሪካዊቷ የአሊሰን ቤክዴል ነው፤ «ዳይክስ ቱ ዋች አውት ፎር» ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በእንግሊዝኛ ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች የሚሰደቡበት ነበር፤ ሴቶቹ ስድቡን ከሰዳቢው አፍ ተቀብለው ስማቸው አደረጉት። ቤክዴል ይህን የሥዕል ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምራ እስከ 2008 በየጋዜጣው ስታወጣው ቆይታለች። ሃያ አምስት ዓመት! ሰዎቹም እንደ አንባቢው ያረጃሉ። ሞ የምትባለው ነጭናጫ መጻሕፍት ቤት ትሠራለች፤ መጻሕፍት ቤቱ ትልልቆቹን ነጋዴዎች መቋቋም አቅቶት ይዘጋል። ክላሪስና ቶኒ ወንድ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ልጁ እያደገ ያስቸግራቸዋል። ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ይህን መጽሐፍ ስከፍት ጉድ አያለሁ ብዬ ነበር። የዛሬ ዕቃ ማጠብ ተራው የማን ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። ከሟቹ ባለቤቴ ጋር የተጨቃጨቅነውን ጭቅጭቅ ቃል በቃል!

ይቺው ቤክዴል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው አንድ ሥዕል ላይ አንዷ ሴት ለጓደኛዋ ፊልም የምትመርጥበትን ደንብ ትነግራታለች። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፤ እርስ በርሳቸው ያውሩ፤ የሚያወሩት ደግሞ ስለ ወንድ አይሁን። ዛሬ ይህ ደንብ በዓለም ሁሉ በስሟ ይጠራል። እኔም በሚቀጥለው ቀን የቡና ማኅበራችንን በዚህ ደንብ ልፈትን ተነሣሁ። አቦሉ በባል አለቀ። ቶናው በወንድ ልጅ ሥራ ማጣት አለቀ። በረካው ላይ «አሁንስ ስለ ራሳችን እናውራ» ብል አንዷ ጎረቤቴ «ስለ ራሳችን ምን አለን?» አለችኝ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ማንም ምንም አላለም።

ሦስተኛው የፈረንሳይ ነው፤ በጁል ማሮ ተጽፎና ተሥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በእንግሊዝኛ «ብሉ ኢዝ ዘ ዋርመስት ከለር» ተብሏል፤ በእሱ መነሻ የተሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዷል። እኔ ፊልሙን አላየሁትም፤ መጽሐፉ ግን በቂዬ ነው። ክሌማንቲን የምትባል ልጅ ጠጉሯን ሰማያዊ የተቀባች ኤማ የምትባል ልጅ መንገድ ላይ ታያለች። ያለፈው ዘመን ሥዕል በሙሉ አመድማ ነው፤ ሰማያዊው ብቻ ነው ቀለም ያለው። አንድ ሰው ወደ ሕይወታችን ሲገባ ዓለም ምን እንደምትመስል በዚህ ዓይነት ሲነገር አይቼ አላውቅም። የክሌማንቲን ወላጆች ነገሩን ሲያውቁ ከቤት ያስወጧታል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከመጨረሻው ነው። ክሌማንቲን ሞታለች፤ ኤማም ወደዚያው ወላጆቿ ቤት መጥታ የሟችን ማስታወሻ ታነባለች።

ይህን መጽሐፍ ስጨርስ አለቀስኩ። ሳለቅስ ደግሞ ሌላ ለቅሶ ትዝ አለኝ። የእኛ ጎጃም ስለ ፍቅር የሚናገር ታላቅ መጽሐፍ አላት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ይሞላ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለድኻው ለበዛብህ አልሰጥም ሲሉ፣ «ዘር! ዘር!» ሲሉ፣ እናቴና ጎረቤቶቿ እንደ ጎረቤት ሰው ይረግሟቸው ነበር። የሚገርመው፣ ረግመው ሲያበቁ በነጋታው የራሳቸውን ልጅ ሳይጠይቋት ይድሯታል። እኔን ጨምሮ። ሰብለንና በዛብህን ከፈረንሳዮቹ ልጆች ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ ሐዲስም የጻፉት ስለ ሌላ ነገር ነው። ግን ለሰው ልጅ በሬዲዮ ማልቀስ ቀላል መሆኑን ያኔም አይቻለሁ። የሚከብደው ሰውየው ከጓዳችን የወጣ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ «ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሥዕል መተረኩ እንኳ የባሕር ማዶ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከዳር እስከ ዳር የሚነግረውን ሸራ ያላየ አለ? የሴት ለሴት ፍቅር ሲነሣ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ከእጄ አይወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1672 የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ ከንጉሡ ሹም ባሏ ተለይታ መንና፣ ተሰድዳ፣ በዘጌና በጣና ዳርቻ ማኅበር የመሠረተች እናት ናት። እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኩሲት ጋር መጀመሪያ በተያዩ ጊዜ የሁለቱም ልብ በፍቅር እንደ ተሞላ፣ ድሮ የሚተዋወቁ ያህል እንደ ሆኑ፣ ሞት እስኪለያቸውም አብረው እንደ ኖሩ ገድሉ ይናገራል። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ስታርፍ ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት። በአንዳንዶቹ የብራና ቅጂዎች ላይ ይህ ሕይወት ተራ በተራ በሥዕል ጭምር ተነግሯል።

ገድሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ሲታተም ተርጓሚዎቹ አንዳንድ ቦታ የሥጋ ፍላጎትን አነበቡበት፤ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ «መንፈሳዊውን ፍቅር በራሳችሁ መነጽር አያችሁት» ብለው ተቆጡ። እኔ ቅድስቲቱን ወደዚያ ክርክር አላስገባትም። ፍቅራቸው የመነኮሳት ፍቅር ነው፤ እዚያው በክብሩ ይቀመጥ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ጸሐፊ ሁለት ሴቶች እንዴት እንደ ተዋደዱ ለመጻፍ አላፈረም፣ ቃልም አልጠፋውም። እኛ ቃል የጠፋን መቼ ነው? ከስድብ በቀር ሌላ ያጣነውስ?

መጻሕፍቱን ስጨርስ ደወልኩላት። «አነበብኩ» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «የትኛውን ወደድሽ?» አለችኝ። «ዕቃ ማጠቢያውን» ስላት ሳቋን ለቀቀችው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እኔም አላስቻለኝም። ስለ ሃይማኖቱ ምን እንደማስብ ጠየቀችኝ። አብሬያት የምጸልይ እንጂ ከጸሎቴ የማስወጣት ሴት እንዳልሆንኩ፣ ከዚያ ያለፈውን እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ነገርኳት። ይህ መልስ ለእሷ ሙሉ እንዳልሆነ ድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። ለእኔም ሙሉ አይደለም። ግን ያለኝ እሱ ነው። በረዶ ላይ አብራት የቆመችውን ሴት ስም ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። አምስት ዓመት ግድግዳዬ ላይ የኖረች ሰው ስም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የቀረችው እህቴ ናት። እህቴ በየእሑዱ ከቶሮንቶ ትደውላለች። ስለ ልጇ ስጠይቃት «ደህና ናት» ትላለች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከዚህች ቃል በላይ ወጥቷት አያውቅም። ልጅቱ እንዳጫወተችኝ ከሆነ ባንድ ከተማ እየኖሩ የሚገናኙት ለፋሲካ ብቻ ነው። ዶሮ ይበሉና ይለያያሉ። በሚቀጥለው እሑድ «ልጅሽ መጻሕፍት ላከችልኝ፤ አነበብኳቸው» አልኳት። የሆነውን ሁሉ እንደማውቅ ገባት። «እቴ፣ ተዪው። ዝም አይነቅዝም» አለችኝ።

ይህን ተረት ስንት ጊዜ ብያለሁ! ስንቱን ተማሪ፣ ስንቷን ባሏ የሚመታትን ጎረቤት አስታግሼበታለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝና ጎተራ አውቃለሁ። ጤፍ ዓመት ቢቀመጥ አይነቅዝም። ስንዴና በቆሎ ግን ይነቅዛሉ፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲዘግኑት ዱቄት ነው። «አንቺ ዝም ያልሽው ሁለት ዓመት ነው፤ ገልጠሽ አይተሽዋል?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም።

እህቴ የምታውቀው እንግሊዝኛ ለአውቶቡስና ለጽዳት ሥራዋ የሚበቃ ነው። መጽሐፍ ብልክላት አታነብም። ለካ የሥዕል መጽሐፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ማንበብ የማይችልም ያየዋል፣ ላላየ ደግሞ ሥዕሉን መንገር ይቻላል። መነጽሬን አደረግሁና ሰማያዊውን መጽሐፍ አውጥቼ «ስሚ» አልኳት። ወጋየሁን አይደለሁም፤ ግን አንድ ባንድ ነገርኳት። እዚህ ሥዕል ላይ ልጅቱ መንገድ ስታቋርጥ ነው። እዚህ ያቺ ጠጉሯ ሰማያዊ ዞር ብላ አየቻት። እዚህ አልጋዋ ላይ ብቻዋን ታለቅሳለች፤ ማንም አላወቀም። እዚህ ከቤት ሲያስወጧት ነው።

«እናትየዋስ?» አለች እህቴ። ከጀመርኩ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «ኋላ ፈለገቻት?»

«ኤማ ስትመጣ በሩን ከፍታላታለች» አልኳት። «ያኔ ግን ልጅቱ ሞታ ነበር።»

ስልኩ ጭጭ አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «ቀጥዪ።»